ቀላል የሬስት አገልግሎት በስፕሪንግ፦ ውቅሩን በእጅ መጻፍ ወይስ ለስፕሪንግ ቡት መተው?

በጃቫ ትንሽ የሬስት አገልግሎት (በኤችቲቲፒ ጥያቄ ዳታ የሚሰጥና የሚቀበል ፕሮግራም) ለመሥራት የተነሣ ሰው ጥያቄዎቹን የሚያስተናግደውን የመጀመሪያ ኮንትሮለር ከመጻፉ በፊት ፍሬምወርኩን ማን እንደሚያዋቅረው መወሰን ይኖርበታል። የጃቫ ፍሬምወርክ በሆነው በስፕሪንግ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች በየዘመናቸው ተነባብረዋል። ስፕሪንግ 1.0 በ2004 ሲወጣ ውቅር ማለት የኤክስኤምኤል ፋይል ነበር፤ በ2009 መጨረሻ የወጣው 3.0 ውቅሩን በጃቫ ክላስ መጻፍን የዋናው ፍሬምወርክ አካል አደረገው፤ በ2014 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 1.0 ደግሞ በፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትን ላይብረሪዎች አይቶ አብዛኛውን ውቅር ራሱ የሚሞላ ሆኖ መጣ። ዓመቶቹ እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ኋለኛው የፊተኛውን አልሻረውም፤ ሦስቱም ዛሬ ይሠራሉ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ ማየትም የተለመደ ነው።

ንጽጽሩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በመስመር ብዛት ነው፤ በእጅ ማዋቀር ረጅም፣ ቡት አጭር ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሚዛን የሚያሳስት ይመስለኛል። ለቀላል አገልግሎት በእጅ የሚጻፈው ውቅር ከአንድ ገጽ አይበልጥም፣ አንዴ ከተጻፈም በኋላ ብዙም አይነካም። ዋጋው የሚመጣው ማንም ካልጻፋቸው መስመሮች ነው፤ ቡት በዝምታ የሚሞላቸው፣ በእጅ የሚያዋቅር ሰው ግን መኖራቸውን እንኳ ሳያውቅ የሚያልፋቸው ነባሪዎች (ማንም ካልቀየራቸው የሚሠሩ ቅንብሮች) ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው መመዘን ያለበት በሁለት ጥያቄዎች ነው ባይ ነኝ፦ አገልግሎቱ የሚጫንበት ሰርቨር የማን ነው? ነባሪዎቹን የሚያውቅ ሰውስ በቡድኑ ውስጥ አለ?

ለንጽጽሩ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍቱን መዝገብ በአገልግሎት መልክ ማቅረብ ፈልጓል እንበል። ሁሉንም መጻሕፍት የሚዘረዝር የጌት ጥያቄ፣ አንዱን በመለያ ቁጥሩ የሚያመጣ ሌላ የጌት ጥያቄ፣ እንዲሁም አዲስ መጽሐፍ የሚመዘግብና 201 (ተፈጥሯል የሚል የኤችቲቲፒ ኮድ) የሚመልስ የፖስት ጥያቄ ይኖሩታል። እያንዳንዱ መዝገብ መለያ ቁጥር፣ በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ፣ የደራሲ ስምና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገባበት ቀን አለው። ርዕሱ በአማርኛ መሆኑና ቀን መኖሩ ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ በእጅ የተዋቀረ አገልግሎት የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢኬድ መሟላት ያለባቸው ነገሮች አንድ ናቸው። ጥያቄ የሚቀበልና ሰርቭሌት የተባሉ የጃቫ ዌብ ክላሶችን የሚያስኬድ ኮንቴነር፣ ለምሳሌ ቶምካት፣ ያስፈልጋል፤ በእርሱ ላይ የስፕሪንግ ዋና በር የሆነው ዲስፓቸርሰርቭሌት መመዝገብ አለበት፤ ይህ ሰርቭሌት ኮንትሮለሮቹ የሚገኙበትን ኮንቴክስት (ስፕሪንግ የሚፈጥራቸው ኦብጀክቶች የሚኖሩበትን ቤት) ማወቅ አለበት፤ በመጨረሻም የጃቫውን ኦብጀክት ጄሰን ወደተባለው የጽሑፍ ቅርጽ፣ ጄሰኑንም ወደ ኦብጀክት የሚለውጥ መልእክት ቀያሪ ያስፈልጋል። ኮንትሮለሩ ራሱ በሦስቱም መንገዶች ፊደል በፊደል ያው ነው። በ2013 መጨረሻ ከስፕሪንግ 4.0 ጋር የመጣው ሬስትኮንትሮለር የተባለው አኖቴሽን (በኮዱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ከክላሱ በላይ ይቀመጣል፣ ከየሜተዱ በላይ የጥያቄው ዓይነትና መንገድ ይጻፋል፣ አለቀ። ልዩነቱ በሙሉ ከኮንትሮለሩ ውጭ ነው።

የኤክስኤምኤል መንገድ

በዚህ መንገድ ሁለት ፋይሎች ይጻፋሉ። አንደኛው ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ለኮንቴነሩ ዲስፓቸርሰርቭሌት የተባለ ክላስ እንዳለ፣ የትኞቹን አድራሻዎች እንደሚቀበልና ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ይነግረዋል። ሁለተኛው ፋይል የስፕሪንግ ነው። ሌላ ቦታ ካልተጠቆመ በስተቀር ስፕሪንግ ይህን ፋይል የሚፈልገው በሰርቭሌቱ ስም ነው፤ ሰርቭሌቱን «ኤፒአይ» ብሎ የሰየመ ሰው የፋይሉን ስም በ«ኤፒአይ» ጀምሮ ሰረዝና «ሰርቭሌት» የሚል ቃል ካላስከተለበት፣ ፋይሉንም በዌብ-ኢንፍ ማኅደር ውስጥ ካላስቀመጠው፣ አገልግሎቱ አይነሣም። በውስጡ ለቀላል አገልግሎት ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፦ ኮንትሮለሮቹን በፓኬጅ ስም እንዲያስስ የሚያዝ አንድ መስመር፣ በአኖቴሽን የሚሠራውን ኤምቪሲ የተባለ የስፕሪንግ የዌብ ክፍል የሚያበራ አንድ መስመር።

ሁለተኛው መስመር ቢረሳ የሚሆነው ነገር አስተማሪ ነው። አድራሻዎቹ ይሠራሉ፣ ተራ ጽሑፍ የሚመልሰው ሜተድም ይሠራል፤ የመጻሕፍት ዝርዝር የሚመልሰው ሜተድ ግን 500 (የሰርቨር ስሕተት) ይሰጥና ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ ለዚህ ዓይነት ምላሽ ቀያሪ አልተገኘም የሚል መልእክት ይታያል። ጀማሪው ጃክሰን የተባለውን የጄሰን ላይብረሪ እንዳስገባ ስለሚያውቅ ስሕተቱን ላይብረሪው ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ላይብረሪው አለ፤ ግን አይቶ እንዲመዘግበው የታዘዘ አካል የለም።

የኤክስኤምኤል ትልቁ ድክመት የክላስ ስሞች ተራ ጽሑፍ ሆነው መቀመጣቸው ነው። ክላሱ ስሙን ወይም ፓኬጁን ሲቀይር ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ ችግሩ የሚታየው ሰርቨሩ ሲነሣ ነው። ሰርቭሌቱ ከሰርቨሩ ጋር እንዲነሣ የሚያዘው መስመር ካልተጻፈማ ችግሩ የመጀመሪያው ተጠቃሚ እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ ይቆያል። በአንጻሩ የማይካድ ጥቅም አለው፦ ውቅሩ በሙሉ በአንድ ቦታ ይነበባል፤ ኮዱን የማያውቅ የሰርቨር አስተዳዳሪም የትኛው አድራሻ ወደየት እንደሚሄድ ፋይሉን ከፍቶ ያያል። አዲስ አገልግሎት በኤክስኤምኤል መጀመር ግን አልመክርም። ይህ መንገድ የሚመረጠው ነባሩ ሥርዓት በእርሱ የተሠራ ሲሆንና አንድ አገልግሎት ብቻ ሊታከልበት ሲፈለግ ነው።

በነባሩ ሥርዓት ላይ የሚታከል ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የቆዩ ፕሮጀክቶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኮንቴክስት አላቸው፤ አንዱ በአድማጭ የሚጫነው ዋናው ኮንቴክስት ሲሆን ዳታቤዝና የሥራ ክላሶች ይኖሩበታል፣ ሌላው የሰርቭሌቱ ሲሆን ኮንትሮለሮች ይኖሩበታል። ሁለቱም ያንኑ ሰፊ ፓኬጅ እንዲያስሱ ከታዘዙ እያንዳንዱ ቢን (ስፕሪንግ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት) ሁለት ጊዜ ይፈጠራል። ኮንትሮለሩ የሚያገኘው የራሱን ኮንቴክስት ቅጂ ነው፤ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ በሙሉ የሚጸና ወይ በሙሉ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) የተዋቀረው ግን በዋናው ላይ ነው። ውጤቱ ስሕተት ሲፈጠር ወደ ኋላ የማይመለስ ትራንዛክሽን ይሆናል፣ ይህንንም በሎግ ላይ የሚናገር መስመር አይገኝም። መፍትሔው የሰርቭሌቱን አሰሳ በኮንትሮለሮች ፓኬጅ ብቻ መወሰን ነው።

የጃቫ ውቅር

ከሰርቭሌት 3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከቶምካት 7 ወዲህ፣ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ኮንቴነሩ ሲነሣ በላይብረሪዎቹ ውስጥ የማስነሻ ክላሶችን ይፈልጋል፤ ስፕሪንግም የራሱን እዚያ አስቀምጦ በእርሱ በኩል የእርስዎን ማስነሻ ክላስ ያገኛል። የሚያስፈልገው የዲስፓቸርሰርቭሌት ማስነሻ እንዲሆን የተዘጋጀውን ረቂቅ ክላስ መውረስና ሦስት ሜተዶች መሙላት ነው፦ የዋናው ኮንቴክስት ክላሶች የትኞቹ ናቸው፣ የሰርቭሌቱ የትኞቹ ናቸው፣ የሚቀበላቸው አድራሻዎችስ የትኞቹ ናቸው። ለቤተ መጻሕፍቱ ምሳሌ አንድ ኮንቴክስት ይበቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ሆኖ ቢመለስ ምንም አይጎድልም።

ከዚያ አንድ የውቅር ክላስ ይጻፋል። ከበላዩ ሦስት አኖቴሽኖች ይቀመጣሉ፦ የውቅር ክላስ መሆኑን የሚያሳየው ኮንፊገሬሽን፣ የኤምቪሲን ክፍል የሚያበራው ኢነብል-ዌብ-ኤምቪሲ፣ ኮንትሮለሮችን የሚያስሰው ኮምፖነንት-ስካን። ክላሱ ዌብ-ኤምቪሲ-ኮንፊገረር የተባለውን ኢንተርፌስ ቢተገብር ዝርዝሮቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ይቻላል። ስሞቹ በጃቫ የሚረጋገጡ በመሆናቸው ክላስ ቢዛወር ኮዱ አይገነባም፤ ስሕተቱ ከሰርቨሩ በፊት ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። በእጅ ለማዋቀር ለወሰነ ሰው ከሁለቱ ይህ መንገድ እንደሚሻል አልጠራጠርም።

ነገር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲሳሳት ዝም ይላል። በ2022 የወጣው ስፕሪንግ 6.0 ቢያንስ ጃቫ 17ን የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ ሰርቭሌትን የሚጠራው በቀድሞው ጃቫክስ ሳይሆን በጃካርታ የፓኬጅ ስም ነው። ቶምካት 9 የሚያውቀው ጃቫክስን፣ ቶምካት 10 የሚያውቀው ጃካርታን ነው። በስፕሪንግ 6 የተሠራ ዋር ፋይል (በኮንቴነር ላይ የሚጫን የታሸገ የዌብ ፕሮግራም) ቶምካት 9 ላይ ሲጫን ውቅሩ በጃቫ ከሆነ ኮንቴነሩ የማስነሻ ክላሱን ጭራሽ አያየውም፤ መጫኑ ተሳክቷል ይላል፣ ስሕተት አይጽፍም፣ እያንዳንዱ አድራሻ ግን 404 (አልተገኘም) ይመልሳል። ውቅሩ በኤክስኤምኤል ቢሆን ኖሮ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ክላሱን በስም ስለሚጠራው ሎጉ ወዲያው ይጮኽ ነበር። አሮጌው መንገድ ከአዲሱ የሚሻልበት ብርቅ ቦታ ይህ ነው። ቶምካት 9 ላይ መቆየት ግድ የሆነበት ሰው ስፕሪንግ 5.3ን መያዝ ይኖርበታል፤ የዚህ ሥሪት ነፃ ድጋፍ ደግሞ በ2024 አብቅቷል።

የ404 ነገር ከተነሣ ዘንድ ሁለት ሌሎች ምንጮቹንም መጥቀስ ይገባል። ቶምካት የዋር ፋይሉን ስም የአድራሻው መነሻ ያደርገዋል፤ ፋይሉ «ላይብረሪ» ከተባለ አገልግሎቱ የሚገኘው በዚያ ስም ሥር ነው እንጂ በቀጥታ በሰርቨሩ አድራሻ ላይ አይደለም። እንዲሁም ሰርቭሌቱን «ኤፒአይ» በሚል መንገድ ላይ ያሰፈረ ሰው በኮንትሮለሩም ላይ «ኤፒአይ» ብሎ ከጻፈ ቃሉ በአድራሻው ውስጥ ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

የግንባታውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ሜቨን በተባለው የግንባታ መሣሪያ ሦስት ነገሮች ይገባሉ፦ ስፕሪንግ-ዌብኤምቪሲ፣ ጃክሰን-ዳታባይንድና የሰርቭሌት ኤፒአይ። የመጨረሻው ኮንቴነሩ ራሱ የሚያቀርበው ስለሆነ ወሰኑ «ፕሮቫይድድ» መባል አለበት። የዋር ማሸጊያው ፕለጊን ከ3.0 በታች ከሆነ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል የለም ብሎ ግንባታውን ያቆማል። የጃክሰን ክፍሎች ሥሪታቸው የተለያየ ሲሆን ደግሞ በሥራ ላይ ሜተድ አልተገኘም የሚል ስሕተት ይወልዳሉ፤ ስፕሪንግም ጃክሰንም ሥሪቶችን አንድ ላይ የሚያስሩባቸው የራሳቸው የቦም ፋይሎች ስላሏቸው በእነርሱ መጠቀም ነገሩን ይፈታዋል።

ሳይጻፉ የሚቀሩት

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ከዚህ በታች ያሉት አገልግሎቱ ተነሥቶ መሥራት ከጀመረ በኋላ የሚገለጡ ናቸው፤ ቡት ላይ የለመደ ሰው ብዙዎቹ መኖራቸውን አያውቅም።

የመጀመሪያው እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። ስፕሪንግ አንድ ሜተድ ተራ ጽሑፍ ሲመልስ የሚጠቀምበት ቀያሪ ነባሪው የፊደል ኮድ አይኤስኦ-8859-1 ነው። ይህ ኮድ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚያውቅ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ሲመጣበት እያንዳንዱን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ «መጽሐፉ ተመዝግቧል» የሚለው መልእክት በጥያቄ ምልክቶች ተተክቶ ይደርሳል። ጽሑፉ የጠፋው ሰርቨሩ ላይ በመሆኑ ተቀባዩ ምንም ቢያደርግ አይመልሰውም። ቡት ይህን ቀያሪ ከመነሻው በዩቲኤፍ-8 ስለሚያዋቅረው ችግሩ አይታይም። በእጅ የሚያዋቅር ሰው ቀያሪዎቹን ከዝርዝሩ አውጥቶ ነባሪውን መቀየር ወይም በየሜተዱ ላይ የምላሹን ዓይነት ከነፊደል ኮዱ መጻፍ አለበት። በጄሰን የሚወጣው የመጻሕፍት ዝርዝር ግን ጃክሰን በዩቲኤፍ-8 ስለሚጽፍ በትክክል ይወጣል። ሰውን የሚያደናግረውም ይኸው ነው፦ ዝርዝሩ ላይ አማርኛው ደህና ሆኖ፣ አጭሩ መልእክት ላይ ይበላሻል።

የፊደሉ ጉዳይ ዳታቤዙንም ይነካል። ከ8.0 በፊት የነበረው የማይኤስኪውኤል ነባሪ የፊደል ስብስብ ላቲን-1 ስለነበር በቆዩ ሰርቨሮች ላይ ያው የጥያቄ ምልክት ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አማርኛው ሲበላሽ በመጀመሪያ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደህና መሆኑን ማየት፣ ከዚያ ወደ ቀያሪው መሄድ ይገባል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ የአምዱ ስፋት በባይት በሚለካባቸው ዳታቤዞች ላይ ርዕሱ እንዳይቆረጥ ቦታውን አስፍቶ መተው ሌላው ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው። መጽሐፉ የገባበት ቀን በጃቫ አዲሱ የቀን ዓይነት ተጽፎ ከሆነና የጃክሰን የቀን ሞጁል ካልገባ፣ ከ2.12 ወዲህ ያለው ጃክሰን 2 ይህን ዓይነት በነባሪ አላውቅም ብሎ 500 ያስመልሳል። ሞጁሉ ሲገባ ስፕሪንግ አይቶ ይመዘግበዋል፤ ቀኑ ግን ዓመት፣ ወርና ቀን በኮማ የተለዩበት የቁጥር ዝርዝር ሆኖ ይወጣል። ቡት ሞጁሉን ራሱ ያስገባል፣ ቀንን በቁጥር የመጻፍ ጠባዩንም ያጠፋል፤ ስለዚህ ያው ኮድ ቡት ላይ ቀኑን በሰረዝ የተለየ ጽሑፍ አድርጎ ያወጣዋል። በእጅ ከተዋቀረ ወደ ቡት ወይም ከቡት ወደ እጅ የሚሸጋገር ቡድን ይህን ካላወቀ የተጠቃሚዎቹን ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ይሰብራል። በነገራችን ላይ የጃቫ መደበኛ የቀን ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲያካትት የኢትዮጵያን አያካትትም። ለእርሱ እንደ ጆዳ-ታይም ወይም ስሪቴን-ኤክስትራ ያሉ ላይብረሪዎች ያስፈልጋሉ። አገልግሎቱ ቀኑን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልኮ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየሩን ለማሳያው ክፍል ቢተው ይሻላል።

ሦስተኛው ቀያሪዎቹን ማስተካከያ ራሱ ነው። ዌብ-ኤምቪሲ-ኮንፊገረር ሁለት ተቀራራቢ ሜተዶች አሉት፦ «ኮንፊገር» በሚል የሚጀምረው ቀያሪ ሲጨመርበት ነባሪዎቹን በሙሉ ያስወግዳል፣ «ኤክስቴንድ» በሚል የሚጀምረው ግን በነባሪዎቹ ላይ ያክላል። የጄሰን ቀያሪ ብቻ ልጨምር ብሎ የመጀመሪያውን የሚጠቀም ሰው የጽሑፍም የባይትም ቀያሪዎቹን ያጣል። ጃክሰንንም በባዶ «ኒው» ከመፍጠር ስፕሪንግ በሚያቀርበው ገንቢ መሥራት ይሻላል፤ በባዶ የተፈጠረው በጄሰኑ ውስጥ የማያውቀው መስክ ሲያይ ጥያቄውን በ400 (የተሳሳተ ጥያቄ) ይመልሳል፣ በገንቢው የተሠራው ግን ያልፈዋል።

አራተኛው ከስፕሪንግ 6.1 ጀምሮ የመጣ ነው። በአድራሻው ውስጥ ያለውን መለያ ቁጥር የሚቀበለው ሜተድ የተለዋዋጩን ስም በአኖቴሽኑ ውስጥ ካልጻፈ ስፕሪንግ ስሙን ከተገነባው ክላስ ለማንበብ ይሞክራል። ይህ የሚሳካው ኮዱ «ፓራሜተርስ» በሚባለው የኮምፓይለር አማራጭ ሲገነባ ብቻ ነው። የቡት የሜቨን ወላጅ ፋይል አማራጩን ያበራዋል፤ በእጅ የተዘጋጀ የግንባታ ፋይል ግን ካልተጻፈበት አያውቀውም። ስሞቹን በአኖቴሽኑ ውስጥ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚጨምረው።

ስለ ግብዓት ማረጋገጫም አንድ ቃል ልጨምር። ርዕሱ ባዶ እንዳይሆን የሚያዙ አኖቴሽኖች የሚሠሩት ትእዛዙን የሚያስፈጽም ላይብረሪ፣ ለምሳሌ ሃይበርኔት ቫሊዴተር፣ ሲኖር ነው። ኤፒአዩ ብቻ ገብቶ አስፈጻሚው ካልገባ ማረጋገጫው ያለ አንዳች ድምፅ ይታለፋል። እዚህ ላይ ቡትም ሙሉ መጠጊያ አይሆንም፤ ከ2.3 ጀምሮ የማረጋገጫው ስታርተር (የተዘጋጀ የላይብረሪዎች ጥቅል) ከዌብ ስታርተሩ ተለይቷልና ለብቻው መጨመር አለበት።

ስፕሪንግ ቡት

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው የቡትን ዋጋ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ የዌብ ስታርተር ይገባል፣ አንድ ዋና ሜተድ ይጻፋል፣ ቶምካት በውስጡ ተሸክፎ በ8080 ላይ ይነሣል፤ የአድራሻው መነሻ ባዶ ነው፣ የላይብረሪዎቹ ሥሪት አስቀድሞ የተስማማ ነው። የሚነሣበት ቅሬታ ምን እንደሚሠራ አይታይም የሚል ነው። ቅሬታው በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም «ዲበግ» የሚለው ቅንብር ሲበራ የትኛው ውቅር በምን ምክንያት እንደበራ፣ የትኛውስ በምን ምክንያት እንደቀረ ዝርዝሩን በሎግ ላይ ያወጣል። ያንን ዝርዝር አንዴ በትዕግሥት ማንበብ ብዙ ያስተምራል።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ሁለቱን መንገዶች ያለማወቅ ሲቀላቅሉ ነው። ስለ በእጅ ውቅር ከተጻፈ ማስተማሪያ ላይ ኢነብል-ዌብ-ኤምቪሲን ገልብጦ ወደ ቡት ፕሮጀክት ያስገባ ሰው የቡትን የኤምቪሲ አውቶማቲክ ውቅር በሙሉ ማጥፋቱ ነው፤ ቡት ያንን አኖቴሽን ሲያይ ባለቤቱ ራሱ ሊያዋቅር ፈልጓል ብሎ ይለቃል። ቀኑ ወደ ቁጥር ዝርዝር ሊመለስ፣ አማርኛውም ወደ ጥያቄ ምልክት ሊመለስ ይችላል። በቡት ውስጥ ማስተካከያ ሲያስፈልግ ዌብ-ኤምቪሲ-ኮንፊገረርን ብቻ መተግበር ይበቃል።

ከጉዳቱ ወገን ደግሞ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ይዞ ስለሚነሣ ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ባለው ሰርቨር ላይ አምስት ስድስት አገልግሎቶች ሲደረደሩ ይከብዳል፤ እነዚያው በአንድ ቶምካት ላይ እንደ ዋር ፋይል ቢጫኑ አንድ ማሽን ይጋራሉ። በቶምካት ላይ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝም የጋራውን ቶምካት ማደስ አንድ ሥራ ሲሆን፣ በየጃሩ (በየአገልግሎቱ የታሸገ ፋይል) ውስጥ የተሸከፈውን ማደስ ግን እያንዳንዱን አገልግሎት እንደገና መገንባት ይጠይቃል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የቡት የመጀመሪያ ግንባታ የሚያወርደው ከበእጅ ውቅሩ ይበዛል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ሜቨንን ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ይቻላል።

ከስፕሪንግ ውጭ ያለውን አማራጭ አልዘለው። መሥሪያ ቤቱ እንደ ዋይልድፍላይ ወይም ፓያራ ያለ የጃካርታ ደረጃዎችን የሚያሟላ ሰርቨር ካለው የጃካርታ የሬስት ደረጃ በሰርቨሩ ውስጥ አብሮ ስላለ አንድ የአፕሊኬሽን ክላስና የሀብት ክላሶቹ ብቻ ይበቃሉ፤ በዚያ ላይ ስፕሪንግ መደረብ ትርፉ አይታየኝም። የዚህን የሬስት ደረጃ አስፈጻሚ ጀርሲን ለብቻው ቶምካት ላይ መጫን ግን ሌላ የእጅ ውቅር ነው፤ የጄሰን ሞጁሉንና ከ2.26 ወዲህ ለብቻው የወጣውን ኦብጀክቶችን የሚያገናኝ የኤችኬ2 ክፍል የረሳ ሰው ከላይ ያየናቸውን ዓይነት ስሕተቶች በሌላ ስም ያገኛቸዋል።

የትኛውን እንምረጥ?

አገልግሎቱ አዲስ ከሆነና የሚጫንበትን ሰርቨር ቡድኑ ራሱ የሚያስተዳድረው ከሆነ ቡትን ይምረጡ፤ ለዚህ የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ አላየሁም። ሰርቨሩ የሌላ ክፍል ሆኖ የሚቀበለው ዋር ፋይል ብቻ ሲሆን ብዙዎች ወዲያው በእጅ ወደ ማዋቀር ይሄዳሉ፤ ሆኖም ቡት ራሱ ወደ ዋር መታሸግ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ዋናው ክላስ የቡትን የሰርቭሌት ማስነሻ ይወርሳል፣ የተሸከፈው ቶምካት «ፕሮቫይድድ» ይባላል፤ ነባሪዎቹም አብረው ይመጣሉ። የቶምካቱን ሥሪት አስቀድሞ መጠየቅን ግን አይርሱ፤ ቶምካት 9 ከሆነ ቡት 3ም አይነሣበትም።

በጃቫ የተጻፈው የእጅ ውቅር የሚመረጠው በአንድ ቶምካት ላይ ያሉት ሌሎች አገልግሎቶች በእርሱ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የላይብረሪው ዝርዝር በጥብቅ የሚመረመርበት ተቋም ሲሆን፣ ወይም ስፕሪንግ በሌላ ትልቅ ሥርዓት ውስጥ ትንሽ ክፍል ሆኖ ሲገባ ነው። ኤክስኤምኤል ለነባሩ ሥርዓት ይቆይ። አንድ አዲስ አድራሻ ለመጨመር ሲባል የሚሠራን ውቅር ወደ ጃቫ መገልበጥ አያስፈልግም፤ አዲሱ ክፍል በጃቫ ይጻፍና ኢምፖርት-ሪሶርስ በተባለው አኖቴሽን አሮጌውን ፋይል ይጥራው።

ለመማር ከሆነ መልሴ ይለያል። ተማሪ ቡትን ከመንካቱ በፊት አንድ አገልግሎት በጃቫ ውቅር በእጁ ቢያቆም ይጠቅመዋል፤ ዲስፓቸርሰርቭሌት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ለዓመታት በቡት የሠሩ ሰዎች የመጀመሪያው እንግዳ 404 ሲገጥማቸው የት እንደሚጀምሩ ይቸግራቸዋል። በኤክስኤምኤል እንዲለማመድ ግን አላስገድደውም፤ ማንበብ ከቻለ ይበቃዋል።

የትኛውም ቢመረጥ የፈተናው አጻጻፍ ከምርጫው ጋር መሄድ አለበት። የስፕሪንግ የመፈተኛ መሣሪያ የሆነውን ሞክኤምቪሲን «ስታንድአሎን» በሚባለው አኳኋን ማስነሣት ኮንትሮለሩን ብቻ ይዞ የራሱን ነባሪዎች ይጠቀማል፤ የውቅር ክላስዎን አያየውም። ስለዚህ ኢነብል-ዌብ-ኤምቪሲ ቢረሳም ፈተናው አረንጓዴ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በእጅ ለተዋቀረ አገልግሎት ሙሉውን የዌብ ኮንቴክስት የሚያስነሣው አኳኋን ይመረጥ፤ ከስፕሪንግ 5.0 ወዲህ ለዚህ ስፕሪንግ-ጁኒት-ዌብ-ኮንፊግ የተባለ አኖቴሽን አለ። ፈተናው በአማርኛ ርዕስ ያለው መጽሐፍ በፖስት ልኮ በጌት መልሶ ይጠይቅ፣ ርዕሱ ሳይለወጥ መመለሱን፣ ቀኑም በሰረዝ የተለየ ጽሑፍ መሆኑን ይመርምር፤ አንድ ተራ ጽሑፍ የሚመልስ ሜተድም በአማርኛ ይፈተን። ከእጅ ውቅር ወደ ቡት ወይም በተቃራኒው ለመሻገር የሚያስብ ቡድን እነዚህን ፈተናዎች ከመሻገሩ በፊት ይጻፋቸው፣ በሁለቱም ላይ ያስኪዳቸው፤ ከዚያ ዋሩን ሳይለቅ የቡትን ስታርተር ያስገባ፣ ኢነብል-ዌብ-ኤምቪሲን ያንሣ፣ የማስነሻ ክላሱን ይለውጥ፣ ወደ ጃር መቀየሩን የመጨረሻው ደረጃ ያድርገው።